ቶኒ፦ ለጀማሪ የሚመች፣ ሁለት ፓይዘን በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ግን የሚያደናግር ኤዲተር

ሐዋሳ ፒያሳ ወይም ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ፓይዘን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሊጀምር የተነሣ ተማሪ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ቪኤስ ኮድ ጫን» የሚል ነው፤ ቪኤስ ኮድ ኮድ የሚጻፍበት ኤዲተር ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ጥያቄው ለየትኛው ማሽን ነው የሚለው ነው። 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ባለው ላፕቶፕ ቪኤስ ኮድ ከነፓይዘን ኤክስቴንሽኑ፣ ክሮምና ቴሌግራም አንድ ላይ ሲከፈቱ ፋኑ መጮህ ይጀምራል፤ የተጻፈው ፊደልም ቆይቶ ነው የሚታየው። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽንና ለእንዲህ ዓይነቱ ጀማሪ የሚሻለው ቶኒ የተባለው የፓይዘን ኤዲተር ነው። ከ10 ነጥብ 8 ሰጥተነዋል። የጎደሉት ሁለቱ ነጥቦች ከአንድ ምንጭ ይመጣሉ፤ እሱም የቶኒ ዋና ጥቅም ራሱ ነው። (ትእዛዞችንና የስህተት መልእክቶችን እዚህ በድምፃቸው ጽፈናቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን እንደ ወትሮው በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት።)

ቶኒ የተሠራው ኢስቶኒያ ውስጥ በታርቱ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከመጀመሪያውም የታሰበው ለማስተማሪያ ነው። ነፃ ነው፣ አካውንት ክፈቱ አይልም። የዊንዶውስ መጫኛው 20 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ በሞባይል ጥቅልም ቢወርድ አያከስርም። ትልቁ ነገሩ ፓይዘንን በሆዱ ይዞ መምጣቱ ነው፤ የ4.1 ዝርያዎቹ ፓይዘን 3.10ን ይዘዋል። ስለዚህ ፓይዘንን ለብቻው ፈልጎ መጫን፣ «አድ ፓይዘን ቱ ፓዝ» የምትለውን ሳጥን ረስቶ ማለፍ፣ ከዚያ ኮማንድ መስኮቱ ላይ ፓይዘን ብለው ሲጽፉ ማይክሮሶፍት ስቶር ዘው ብሎ መከፈቱ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል። ቶኒ ተጭኖ ሲያልቅ ቋንቋ ይመረጣል፣ ኮድ ይጻፋል፣ ኮዱን ለማስኬድ ኤፍ5 ይጫናል።

ከማውረድ በፊት የማሽኑን ዓይነት ማየት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች አሁንም አልጠፉም፤ ፓይዘን ደግሞ ከ3.9 ጀምሮ ዊንዶውስ 7ን አይቀበልም። ለእነዚህ ማሽኖች ቶኒ ማውረጃ ገጹ ላይ ሌላ ፋይል አለ፤ 32 ቢት ሆኖ ፓይዘን 3.8ን የያዘ ነው። ለትምህርት ይበቃል፤ ብዙዎቹ ላይብረሪዎች (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው ተጨማሪ ኮዶች) ግን አዲሱን ዝርያቸውን ለ3.8 ማውጣት ስላቆሙ ፒፕ፣ ማለትም የፓይዘን ላይብረሪ መጫኛው፣ የቆየውን እየፈለገ ይጭናል። የስህተት መልእክቶቹም ከአዲሶቹ ይልቅ ደረቅ ናቸው።

ፋይሉን ኢንተርኔት ቤት አውርዶ በፍላሽ ወደ ቤት መውሰድ የተለመደ ነው፤ ፎልደሮቹ በሙሉ በቫይረስ ሾርትከት ሆነው የተመለሱበት ፍላሽም እንዲሁ የተለመደ ነው። መጫኛው ወርዶ እንዳለቀ፣ ፍላሹ ሳይሰካ፣ ኮማንድ መስኮት ላይ «ሰርትዩቲል -ሃሽፋይል» ከዚያ የፋይሉ ስም፣ በመጨረሻ «ሻ256» ብላችሁ የሚወጣውን ረጅም ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ። ቤት ደርሳችሁ በዚያው ትእዛዝ ቁጥሩን እንደገና አውጡ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ መንገድ ላይ ተነክቷልና አትክፈቱት።

አሁን ወደ ጎደሉት ሁለት ነጥቦች። ቶኒ የራሱን ፓይዘን ይዞ መምጣቱ ለጀማሪው በረከት ነው፤ ተማሪው ሌላ ፓይዘን ለብቻው የጫነ ዕለት ግን ግራ መጋባት ይጀምራል። መምህሩ «ኑምፓይ ጫኑ» ይላል (ኑምፓይ የሒሳብ ላይብረሪ ነው)፤ ተማሪው ኮማንድ መስኮት ከፍቶ «ፒፕ ኢንስቶል ኑምፓይ» ይጽፋል፤ «ሰክሰስፉሊ ኢንስቶልድ» የሚል መልስ ያገኛል። ቶኒ ላይ ኤፍ5 ሲጫን ግን «ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር፦ ኖ ሞጁል ኔምድ ኑምፓይ»። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ፒፕ ላይብረሪውን የጫነው ለብቻው ለተጫነው፣ ምናልባት ለ3.13 ነው፤ ኮዱን የሚያስኬደው ግን ቶኒ ውስጥ ያለው 3.10 ነው። ይህን ሳያውቁ ቶኒን አጥፍቶ መጫን፣ ፓይዘንን አጥፍቶ መጫን፣ በመጨረሻም ዊንዶውሱን ፎርማት ማስደረግ ለምንም አይበጅም።

ምርመራው ሁለት መስመር ነው። ቶኒ ታችኛው መስኮት፣ ሼል የሚባለው ላይ፣ «ኢምፖርት ሲስ» ብላችሁ ኢንተር፤ ቀጥሎ «ሲስ.ኤክስኪውተብል» ብላችሁ ኢንተር። የሚወጣው አድራሻ የትኛው ፓይዘን እየሠራ እንደሆነ በግልጽ ይነግራችኋል። አድራሻው ውስጥ ቶኒ የሚል ፎልደር ካለ በሆዱ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ላይብረሪውን ለዚያው ለቶኒ ፓይዘን መጫን ነው፦ «ቱልስ» ከሚለው ዝርዝር «ማኔጅ ፓኬጅስ» ተከፍቶ ስሙ ይፈለጋል፣ ይጫናል። ትእዛዝ መጻፍ የሚወድ ደግሞ እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ኦፕን ሲስተም ሼል» የሚለውን ይክፈት፤ በዚያ መስኮት የሚጻፍ ፒፕ የቶኒው ፒፕ ነው። ሁለተኛው መንገድ ቶኒን ወደ ሌላኛው ፓይዘን ማዞር ነው፤ መስኮቱ ግርጌ በቀኝ በኩል የፓይዘኑ ስም የተጻፈበትን ተጭኖ መምረጥ ይበቃል። ጀማሪ ለሆነ ሰው የምንመክረው የመጀመሪያውን ነው። አንድ ማሽን፣ አንድ ፓይዘን፤ ሌላው ትምህርቱ ሲጠይቅ ይመጣል።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያጠምደው የፋይል ስም ነው። ስለ ራንደም (ዕጣ ቁጥር ስለሚያወጣው የፓይዘን ሞጁል) የተማረ ልጅ መልመጃውን «ራንደም» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ስለ ተርትል (ሥዕል ስለሚሥለው ሞጁል) የተማረው «ተርትል» ይለዋል። ፓይዘን «ኢምፖርት ራንደም» ሲባል መጀመሪያ የሚፈልገው ኮዱ ባለበት ፎልደር ውስጥ ስለሆነ እውነተኛውን ትቶ የልጁን ፋይል ራሱን ይከፍታል። የ3.10 መልእክት ደግሞ ስለ «ሰርኩላር ኢምፖርት» ስለሚያወራ ሰው ኮዱን መመርመር ይጀምራል፤ ኮዱ ግን ምንም አልሆነም። (ከ3.13 ጀምሮ መልእክቱ ፋይሉን ስሙን ቀይር ብሎ በግልጽ ይናገራል። ቶኒ 3.10 ላይ መቆየቱ እንዲህ ያሉ ነገሮች ላይ ያስቆጫል።) የፋይሉን ስም «መልመጃ1» ወደሚል ነገር መቀየር ነው መፍትሔው። ፓይዘን ራሱ የሚፈጥረውን «ፓይካሽ» የሚለውን ፎልደርም አጥፉ የሚባለው ምክር በፓይዘን 3 አያስፈልግም።

ቶኒን ከሌሎቹ የሚለየው፣ 8ቱን ነጥብ ያስገኘለት፣ ኮዱ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ማሳየቱ ነው። ይህችን የባጃጅ ሒሳብ እንውሰድ፦

ዋጋ = ኢንፑት("የአንድ ሰው ዋጋ፦ ")
ሰው = 3
ፕሪንት(ዋጋ * ሰው)

ተማሪው 15 ብሎ ያስገባል፤ 45 ይጠብቃል፤ የሚወጣው 151515 ነው። ስህተት የሚል መልእክት የለም። ይህ ከቀይ መልእክት የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ሒሳቡን ሳያይ ያልፋል። ቶኒ ላይ «ቪው» ከሚለው ዝርዝር «ቫሪያብልስ»ን ክፈቱና በኤፍ5 ፈንታ ኮንትሮልን ይዛችሁ ኤፍ5ን ተጫኑ። ከዚያ ኤፍ7ን በተጫናችሁ ቁጥር ኮዱ አንድ እርምጃ ይሄዳል። የመጀመሪያው መስመር እንዳለፈ ዋጋ ፊት ለፊት የተጻፈው 15 ሳይሆን '15' ነው፣ ከነጥቅሱ። ቁጥር አይደለም፣ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ በ3 ሲባዛ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ኢንፑቱን በ«ኢንት» መክበብ ብቻ ነው የቀረው። መምህር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ደቂቃ የሚፈጅበትን ነገር ቶኒ በሦስት ጠቅታ ያሳያል። ራሱን የሚጠራ ፈንክሽን ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥሪ አዲስ መስኮት ስለሚከፍት ሪከርዥን የሚባለው ነገር ፍንትው ብሎ ይታያል።

ይህ እርምጃ በእርምጃ አካሄድ ዋጋ አለው፤ ይዘገያል። 100,000 ጊዜ የሚዞር ፎር ሉፕ ላይ በዚህ ዘዴ መሄድ ቡና ተፈልቶ አቦል እስኪጠጣ መጠበቅ ነው። ለዚያ ጊዜ ሺፍትን ይዞ ኤፍ5 የሚጀምረው ፈጣኑ ዘዴ አለ፤ ማቆሚያ ነጥብ ከመስመሩ ቁጥር ጎን ተቀምጦ እዚያ ሲደርስ ብቻ ይቆማል። ኮዱ ማለቂያ በሌለው ሉፕ ውስጥ ከገባ ኮንትሮል ሲ፤ እምቢ ካለ ኮንትሮልን ይዞ ኤፍ2።

ከላይ ያለውን ኮድ ያነበበ «ዋጋ» እና «ሰው» የተባሉት የአማርኛ ስሞች ይሠራሉ ወይ ሊል ይችላል። ይሠራሉ፤ ፓይዘን 3 የግዕዝ ፊደል ለቫሪያብል ስም ይቀበላል። ችግሩ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ የሚገቡት ሥርዓተ ነጥቦች ናቸው። በኮማ ፈንታ «፣» ከገባ 3.10 «ኢንቫሊድ ካራክተር» ብሎ የዩኒኮድ ቁጥሯን (ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት የተሰጠውን መለያ) ዩ+1363 ጨምሮ ይነግራችኋል። ይህን ቁጥር ማወቅ ጊዜ ይቆጥባል፤ ከ1361 እስከ 1368 ያለው ሁሉ የእኛው ሥርዓተ ነጥብ ነው። 3.8 የጫነ ግን ቁጥሩን አያገኝም፤ «ኢንቫሊድ ካራክተር ኢን አይደንቲፋየር» ብቻ ይለዋል። ለዚህ ብለን ቫሪያብሎቹን በላቲን፣ ለሰው የሚታየውን ጽሑፍ በአማርኛ መጻፍ እንመርጣለን።

ዩ+201ሲ የሚል ቁጥር ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ የዎርድ ነው። ማስታወሻው ዎርድ ላይ ተጽፎ ወደ ቶኒ ሲገለበጥ ቀጥ ያሉት ጥቅሶች ጠማማ ሆነው ይመጣሉ፤ ዎርድ የመስመሩን የመጀመሪያ ፊደልም ትልቅ ስለሚያደርግ «ፕሪንት» በትልቁ ፒ ይጀምርና «ኔም ኤረር» ይሆናል። በቴሌግራም የሚላክ ኮድ ሌላ በሽታ አለው፦ ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት የግርጌ ሰረዝ ያለበትን ቃል ቴሌግራም ያዘነብለውና ሰረዞቹን ይበላቸዋል። ከክላስ ትምህርት «ኢኒት» ሰረዞቹን ጥሎ የሚደርሰው በዚህ ነው። ኮድ በጽሑፍ ሳይሆን በፋይል ይላክ።

አማርኛ መረጃ ላይ ለሚሠሩ አንድ ነገር ከሁሉ ይበልጣል፤ ምሳሌ ፍለጋም ሩቅ አያስኬድም። የከተማዋ ስም ራሱ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ ተብሎ ይጻፋል። ለእኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለፓይዘን ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። «ሐዋሳ» ከ«ሀዋሳ» ጋር እኩል ነው ወይ ሲባል «ፎልስ» ይላል። የሐዋሳውን የአሞራ ገደል ገበያ የዓሣ ዋጋ በዲክሽነሪ የያዘ ፕሮግራም ቁልፉ «ዓሣ» ሆኖ ሰው «አሳ» ብሎ ከጠየቀ «ኪ ኤረር» ይሰጣል። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን አይረዳም፤ ፊደሎቹ በዩኒኮድ እንደተለያዩ ፊደላት ነው የተመዘገቡት። መፍትሔው ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው የሚመልስ ሠንጠረዥ በ«ሜክትራንስ» ሠርቶ፣ ጽሑፉን ከማወዳደር በፊት በ«ትራንስሌት» ማሳለፍ ነው። «ሃ» እና «ሀ»፣ «ዓ» እና «አ» በድምፅ አንድ ስለሆኑ እነሱም ሠንጠረዡ ውስጥ ይግቡ። የግዕዝ ቁጥርም ያታልላል፦ ፩ «ኢዝዲጂት» ሲባል «ትሩ» ይላል፤ «ኢንት» ውስጥ ሲገባ ግን «ቫልዩ ኤረር» ነው። «ኢዝዴሲማል»ን መጠቀም ከዚህ ያድናል።

ፋይል ሲከፈት «ኤንኮዲንግ» ዩቲኤፍ-8 ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ይህ ካልተደረገ ኮዱ ዊንዶውስ ላይ ከኮማንድ መስኮት ሲሄድ የማሽኑን የቆየ ኮድ ገጽ ይይዝና አማርኛው ላይ ሲደርስ «ቻርማፕ» የሚል ስህተት ያወጣል። ፓይዘን ከ3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ-8ን ነባሪ እንዲያደርግ ተወስኗል፤ እስከዚያ ግን መጻፉ ግድ ነው። ኤክሴል ለሚከፍተው ሲኤስቪ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ይሁን፤ አለዚያ አማርኛው የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል።

ቤት ኢንተርኔት ለሌለው ደግሞ ላይብረሪ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ኑምፓይ፣ ፓንዳስና ማትፕሎትሊብ ከሚፈልጓቸው ሌሎች ጋር ከ40 እስከ 50 ሜጋባይት ይሆናሉ። ኔት ባለበት ኮምፒውተር ላይ «ፒፕ ዳውንሎድ» ብላችሁ፣ «-ዲ» እና የፎልደሩን ስም፣ «--ኦንሊ-ባይናሪ=:ኦል:»፣ «--ፓይዘን-ቨርዥን 3.10»፣ «--ፕላትፎርም ዊን_ኤኤምዲ64»፣ በመጨረሻ የላይብረሪዎቹን ስም ትጽፋላችሁ። ቨርዥኑና ፕላትፎርሙ ካልተጻፉ ፒፕ የሚያወርደው ለኢንተርኔት ቤቱ ማሽን የሚስማማውን ነው፤ ቤት ሲደረስ «ኖ ማቺንግ ዲስትሪቢውሽን ፋውንድ» ይላል፣ መንገዱም የፍላሹም ቦታ በከንቱ ይሆናል። የወረዱት ፋይሎች ስም ውስጥ ሲፒ310 (የፓይዘን 3.10 ምልክት) መኖሩን እዚያው እያላችሁ እዩ፤ «ፓይ3» እና «ነን» የሚሉት ግን ለሁሉም ስለሚሆኑ አያሳስቡም። ቤት ስትደርሱ በቶኒ ሲስተም ሼል «ፒፕ ኢንስቶል --ኖ-ኢንዴክስ --ፋይንድ-ሊንክስ=» ብላችሁ የፎልደሩን አድራሻ፣ ከዚያ ስሞቹን። ኑምፓይ ከ2.3 ጀምሮ ቢያንስ ፓይዘን 3.11ን ስለሚጠይቅ ለቶኒው 3.10 የቆየው ዝርያ ነው የሚወርደው፤ ለትምህርት ልዩነቱ አይታወቅም።

መብራት ሲሄድስ? እዚህ ቶኒ ደካማ ነው። ኤፍ5 ሲጫን ፋይሉን ያስቀምጣል፤ በራሱ በየጊዜው ግን አያስቀምጥም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ከመጨረሻው ኤፍ5 ወዲህ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ቪኤስ ኮድ ያልተቀመጠውን መልሶ ስለሚያመጣ በዚህ ይበልጠዋል። ቶኒ የሚጠቀም ሰው ጣቱ ኮንትሮል ኤስን ይልመድ።

ኡቡንቱ ላይ ቶኒ በ«አፕት» ይጫናል። ኡቡንቱ ከ23.04 ወዲህ ፒፕን «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ» ብሎ ይከለክላል፤ መልሱ ሲስተሙን በግድ ማስገደድ ሳይሆን በቶኒ «ኢንተርፕሪተር» ገጽ ላይ አዲስ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት፣ ማለትም ላይብረሪዎች ለብቻቸው የሚጫኑበት የተለየ ፓይዘን፣ መፍጠር ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ። ከፓይዘን ጋር የሚመጣው አይድል ቀላል ነው፤ ውስጡን ግን እንደ ቶኒ አያሳይም። ጉግል ኮላብ ኮምፒውተሩን አያደክምም፤ ኔት ሲቋረጥ ግን ሥራው ይቆማል፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅም እዚያ የተጫኑ ፋይሎች ይጠፋሉ። ላፕቶፕ የሌለው በአንድሮይድ ስልኩ ፓይድሮይድ 3ን ይጫን፤ ያለ ኔት ይሠራል፣ ፎር እና ኢፍ ለመለማመድ በቂ ነው፤ ረጅም ኮድ ግን በአውራ ጣት አይሆንም።

ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው)፣ ብዙ ፋይል ያለው ሥራ ወይም በጃንጎ (በድረ ገጽ መሥሪያው) የሚሠራ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲመጣ ቶኒን መተው ነው። ራሙ ወደ 8 ካደገ ያኔ ቪኤስ ኮድ የሚባለው ምክር ቦታውን ያገኛል። እስከዚያ ድረስ ቶኒ አንድ ቀን አልከፈት ካለ፣ እንደገና ለመጫን ኢንተርኔት ቤት ከመሄድ በፊት፣ ዊንዶውስንና አርን አንድ ላይ ተጭናችሁ «%አፕዳታ%» ብላችሁ ክፈቱ፤ ቶኒ የሚለው ፎልደር ውስጥ «ኮንፊገሬሽን.አይኤንአይ» የሚለውን ፋይል ሌላ ቦታ አንሱና እንደገና ሞክሩ። የጻፋችሁት ኮድ አይነካም፤ የሚጠፋው እንደ ፊደል መጠን፣ የመስኮት አቀማመጥና የተመረጠው ፓይዘን ያለ የቶኒ ቅንብር ብቻ ነው።